የበረዶ ቦይ፦ ስለ አንድ አዲስ ስምና ስለ ወጣት ባለሙያዎቹ

የክረምት ኦሎምፒክ በመጣ ቍጥር በዜናው ውስጥ «ሃፍ ፓይፕ» የሚል የባዕድ ቃል እየሰማን ስናልፈው ኖረናል፤ ስም ያልወጣለት ነገር ደግሞ በአንድ ሕዝብ ልቡና ውስጥ ማደሪያ ስለማያገኝ፥ ዛሬ «የበረዶ ቦይ» ብዬ ልሰይመውና በእርሱ ላይ እንጀራቸውን ስለሚያገኙት ወጣቶች ጥቂት ልናገር አስቤአለሁ።

የመርሳና የሀብሩ ገበሬ ከወንዝ ውኃ ጠልፎ ወደ ማንጎውና ወደ ብርቱካኑ የሚያወርድበትን ቦይ ያየ ሰው፥ የዚህን የውድድር ሜዳ ቅርጽ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ መካከሉ ጎድጓዳ፥ ግራና ቀኙ ወደ ላይ የቀና፥ ሁለንተናውም ወደ ቁልቁለት ያዘነበለ ነውና። የሚለየው በመጠኑና በተሠራበት ነገር ነው፤ በታላላቁ ውድድር ላይ ግድግዳው 7 ሜትር ያህል ከፍ ሲል ርዝመቱ ከ150 ሜትር ያልፋል፥ የሚታነጸውም በወልድያ ሰማይ ከደመና እንደ ጠጠር ከሚወርደው በረዶ ሳይሆን፥ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በግእዝ «ሐመዳ» ከሚሉት ነጭና ልል በረዶ ተከምሮ፥ ተጠቅጥቆና በመኪና ተፈቅፍቆ ነው። «ግማሽ ቧንቧ» ማለት ለሰሚው የተሰበረ ብረት ከማሳየት በቀር ትርጕም አይሰጥም፤ «አሸንዳ»ም በቅርጹ ቢስማማ፥ በላስታ ሰው ጆሮ ወዲያው የሚያስታውሰው የልጃገረዶቹን የነሐሴ በዓል፥ አሸንድዬን ነውና፥ የተከበረውን ስም ለሌላ ነገር ማዋስ አልወደድሁም። ቦይ ግን በታሪክም ይደገፋል፤ በ1979 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በካሊፎርኒያ፥ በታሆ ሲቲ ከተማ ወጣቶች ይህን ጨዋታ የጀመሩት ማንም ባልሠራው፥ ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ በተገኘ የተፈጥሮ ጎድጓዳ ውስጥ ነበርና።

ተወዳዳሪው ሁለት እግሮቹን ጎን ለጎን በአንድ ሰሌዳ ላይ አስሮ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተሻገረ በየጫፉ ወደ አየር ይወጣል፥ በዚያም ተሽከርክሮና ተገልብጦ ተመልሶ በግድግዳው ላይ ያርፋል። ስድስት ዳኞች ከ100 ነጥብ ይሰጡታል፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥሎ የቀሩት የአራቱ አማካይ ይያዝለታል፤ በኦሎምፒክ ፍጻሜ ሦስት ጊዜ ከወረደ በኋላም የሚቈጠርለት ከሦስቱ የበለጠው ብቻ ነው። ስፖርቱ ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ1998፥ በጃፓን በናጋኖ ነው።

የዚህን ሙያ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚገልጥልኝ የጃፓናዊው የአዩሙ ሂራኖ ሕይወት ነው። በኒጋታ አውራጃ፥ በሙራካሚ ከተማ በ1998 ተወለደ፤ አባቱ ጎማ ያለው ሰሌዳ የሚነዳበት ሜዳ ነበረው፥ ልጁም በአራት ዓመቱ ገና ፊደል ሳይለይ በጎማው ሰሌዳና በበረዶው ሰሌዳ ላይ መቆምን አንድ ላይ ተማረ። በ2014፥ በ15 ዓመቱ፥ በሶቺ ኦሎምፒክ የብር ሜዳልያ ተቀበለ። በ2017 በውድድር ላይ ወድቆ ጉበቱና የጉልበቱ ጅማት ሲጎዳ ሥራው ያበቃለት መስሎ ነበር፤ እርሱ ግን ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ በፒዮንግቻንግ በ95.25 ነጥብ ዳግመኛ ብር አገኘ። በ2021 በበጋው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በጎማ ሰሌዳ ተወዳድሮ 14ኛ ወጣ፤ ከስድስት ወር በኋላም በቤጂንግ በበረዶው ቦይ አየር ላይ ሦስት ጊዜ ራሱን ቁልቁል እየደፋ በጠቅላላው አራት ሙሉ ዙር የመዞርን ጥበብ ፈጽሞ አሳየ። ዳኞቹ ሁለተኛ ጊዜ ሲወርድ ለዚህ ሥራ 91.75 ብቻ ሲሰጡት የተመልካቹ ቍጣ ነደደ፤ ሂራኖ ግን በሦስተኛው ያንኑ ደግሞ፥ አሻሽሎም ሠርቶ፥ በ96 ነጥብ ወርቁን ወሰደ። ግፍ የመሰለውን ፍርድ በሥራ የመለሰ ሰው ስለሆነ፥ ይህን ወጣት እኔ ከልቤ አከብረዋለሁ።

ይሁን እንጂ ክብሩን ብቻ ማውራት አንባቢን ማሳሳት ነው። አሜሪካዊው ኬቪን ፒርስ በ2009 የመጨረሻ ቀን፥ ለቫንኩቨር ኦሎምፒክ ሲዘጋጅ፥ በዩታ ግዛት በልምምድ ላይ ወድቆ አንጎሉ በብርቱ ተጎዳ፤ ሕይወቱ ተረፈች፥ ወደ ውድድር መመለስ ግን አልቻለም። ሌሎች ሰዎች ሥራ በሚጀምሩበት ዕድሜ ይህ ሙያ ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ በ17 ዓመቷ በፒዮንግቻንግ፥ ዳግመኛም በቤጂንግ ወርቅ ያገኘችው ክሎይ ኪም በመካከሉ ሰሌዳዋን አቁማ ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መግባቷን እንደ ታላቅ ማስተዋል እቈጥረዋለሁ።

ኢትዮጵያ በበረዶ ቦይ የተወዳደረ ልጅ እንዳላት አላውቅም፤ ለበረዶ ስፖርት ግን ባዕድ አይደለችም። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ፥ በ2010ም በቫንኩቨር ሰንደቅ ዓላማችንን ብቻውን ይዞ በረጅም ርቀት የበረዶ ሸርተቴ ተወዳደረ፤ በቶሪኖ በ15 ኪሎ ሜትሩ 83ኛ ወጣ። የሂራኖ ታሪክ የሚያስተምረን ግን ወደዚህ ጥበብ የሚወስደው በር በረዶ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ የጎበጠ ግድግዳና ጎማ ያለው ሰሌዳ ባለበት ሁሉ ሥረ መሠረቱ ይገኛል። በአዲስ አበባ በ2016 በጎ ፈቃደኞች ከኮንክሪት የመጀመሪያውን የጎማ ሰሌዳ መጫወቻ ሜዳ ሠርተው ለወጣቶች ከፍተዋል።

ወልድያ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ የሼህ መሐመድ ሁሴን አል-አሙዲ ስታዲየም ያላት ከተማ ናት፤ ከጦርነት መከራ የተረፉት የወልድያና የሀብሩ ልጆች ግን ሁሉም እግር ኳስ ተጫዋች ይሆኑ ዘንድ አልተፈጠሩም። ስለዚህ የወልድያ ከተማ አስተዳደርና የሀብሩ ወረዳ ሹማምንት፥ በወልድያም ሆነ በመርሳ፥ ከኮንክሪት የተሠራ አንድ ቦይ፥ ከራስ መከላከያ ቆብና ከሚያሠለጥን ሰው ጋር፥ ለልጆቻቸው እንዲያበጁላቸው በትሕትና እለምናለሁ።