ስሙ የማን ነው? ከይርጋጨፌ ቡና እስከ ጤፍ

ወገኖቼ፣ ከሑመራ እስከ ገዳሪፍ ሰሊጥ የነገደ ሁሉ ስም ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ኬሻው በሚዛን ይለካል፣ ድንበር ላይ ይፈተሻል። ስሙን ግን ማንም አንስቶ ሌላ ኬሻ ላይ ሊጽፈው ይችላል። አእምሯዊ ንብረት የሚባለው ሕግ የመጣው ለዚህ ነው። መብቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አገራችን ይህን በቡናና በጤፍ ተምራዋለች። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የንግድ ምልክት የአንዱን ሸቀጥ ከሌላው የሚለይ ስም ወይም ምስል ነው። ስታርባክስ ግን ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን ስም ለማስመዝገብ በ2004 ቀድሞ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበርም ተቃወመ። ይርጋጨፌ ሲመዘገብ ሐረርና ሲዳሞ የተለመዱ የቡና መጠሪያዎች ናቸው ተብለው መጀመሪያ ላይ ውድቅ ሆኑ። በ2006 ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ። በ2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ተፈራረሙ፤ ኩባንያው ስሞቹን በኢትዮጵያ ፈቃድ ሊጠቀም ተስማማ።

ሌላም መንገድ ነበር፤ የመልክዓ ምድር አመላካች ይባላል። ይህኛው ምርቱ በእርግጥ ከዚያ ቦታ መምጣቱን መቆጣጠር ይጠይቃል። ቡናችን የሚለቀመው ከእጅግ ብዙ ትናንሽ ማሳዎች ስለሆነ ኢትዮጵያ የንግድ ምልክትን መረጠች።

የጤፉ ነገር ከስም ጋር አይገናኝም። ጉዳዩ ፓተንት ነው፤ ፓተንት ለአዲስ ፈጠራ ለተወሰነ ዘመን የሚሰጥ መብት ነው። በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን በጋራ ለመጠቀም ተዋዋለች። ኩባንያው በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ደግሞ ከሰረ። ፓተንቱ ወደ ሌላ ድርጅት ተላለፈ፤ ኢትዮጵያ የተዋዋለችው ኩባንያ ግን የለም። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ዱቄቱ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ፓተንቱን ሆላንድ ውስጥ ሻረው። ክርክሩ የተነሳው በሁለት የሆላንድ ድርጅቶች መካከል ነበር፤ ኢትዮጵያ ተከራካሪ አልነበረችም።

አሁን ወደ እኛ ገበያ እንምጣ። ቱነይድባ ውስጥ በርበሬ አዘጋጅታ፣ አሽጋ የምትሸጥ እህት አለች እንበል። የሸቀጧ ስም በንግድ ምልክት ይጠበቃል። ማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል የሠዓሊው የቅጂ መብት ነው፤ ይህ መብት ሳይመዘገብም ይጸናል። የቅመሙ ልክ የንግድ ምስጢር ነው፤ ለሰው ካልነገረች የእሷ ነው። አዲስ የበርበሬ መፍጫ ብትፈጥር ግን ፓተንት መጠየቅ ያለባት ለሕዝብ ከማሳየቷ በፊት ነው።

አንድ ነገር አትርሱ፤ የንግድ ምልክትም ሆነ ፓተንት ድንበር አይሻገርም። አዲስ አበባ የተመዘገበ ስም ገዳሪፍ ላይ ጠባቂ የለውም፤ ሱዳን የራሷ የ1969 የንግድ ምልክት ሕግ አላት። ኢትዮጵያ እንኳ ለቡናዋ ስም አሜሪካ ድረስ ሄዳ ነው ያመለከተችው። ስለዚህ ስማችሁን በምትሸጡበት አገር አስመዝግቡ፤ ውል ስትፈርሙም ሸሪካችሁ ቢከስር መብቱ ለማን እንደሚመለስ አስጽፉ።