የግል ማስታወሻን በስልክ ማደራጀትና ማያያዝ፦ ኦብሲዲያን

ካምፕ ውስጥ ያለ ሰው የሚይዘው ነገር ብዙ ነው፦ የጉዳይ ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀን፣ በቃለ መጠይቅ የተናገረው፣ የጠፉ ሰነዶች ዝርዝር። አንዱ ወረቀት ላይ፣ አንዱ ቴሌግራም ውስጥ፣ የቀረው በጭንቅላት ነው። ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲጠየቁ ቀኑ ይምታታል፤ በጥገኝነት ጉዳይ ደግሞ የቀን መምታታት ጥርጣሬ ሊያስነሳ ይችላል።

ኦብሲዲያን እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የማስታወሻ ፕሮግራም ነው። ለግል ጥቅም በነፃ ነው፤ አካውንት አይጠይቅም፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ማስታወሻው ስልካችሁ ላይ እንደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚቀመጥ በሌላ ፕሮግራምም ይከፈታል።

ለማደራጀት፦ መስመሩን በ # ምልክትና በክፍት ቦታ ከጀመራችሁ ርዕስ ይሆናል፤ በ - ከጀመራችሁ ዝርዝር ይሆናል። ጽሑፉ ከረዘመ ከርዕሱ አጠገብ ያለችውን ቀስት በመንካት ሥሩ ያለውን ማጠፍ ይቻላል።

ለማያያዝ፦ «ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ» የሚል ማስታወሻ እየጻፋችሁ ነው እንበል። [[ ስትጽፉ የሌሎቹ ማስታወሻዎች ስም ይመጣል፤ «የልጄ የልደት ካርድ» የሚለውን ትመርጣላችሁ። ከዚያ በኋላ ስሙን ስትነኩ ማስታወሻው ይከፈታል። የልደት ካርዱን ማስታወሻ ስትከፍቱ ደግሞ በየትኞቹ ማስታወሻዎች ውስጥ እንደተጠቀሰ ማየት ትችላላችሁ።

ቀን ስትጽፉ በሁለቱም አቆጣጠር ይሁን። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2020 ነው። በእርግጠኝነት የማታስታውሱትን ቀን «በግምት» ብላችሁ መዝግቡ እንጂ አትፍጠሩ።

ጥንቃቄ፦ ፕሮግራሙ በራሱ የይለፍ ቃል አይቆልፍም፤ ስልካችሁን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ስልኩን በቁጥር ቆልፉ፤ ሌላ ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ ስም አትጻፉ። አንድሮይድ ላይ ስትጀምሩ የማስቀመጫ ቦታ ይጠይቃችኋል፤ የፕሮግራሙን የራሱን ቦታ ከመረጣችሁ፣ ፕሮግራሙን ስታጠፉ ማስታወሻውም አብሮ ይጠፋል። የስልኩን ማከማቻ ምረጡ፤ ፎልደሩንም አልፎ አልፎ ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጡ።

ስልክ ይሰበራል፣ ቻርጅም ያልቃል። የጉዳይ ቁጥራችሁና የቅርብ ቤተሰብ ስልክ በወረቀትም ይኑራችሁ።