ሼክ በክሪ ሳጳሎና ፊደላቸው



እኛ የመልካ ጀብዱ ሰዎች የማንረሳቸው አንድ መምህር አሉ፤ ሼክ በክሪ ሳጳሎ። ስማቸው አቡበከር ገራድ ኡስማን ሲሆን በ1888 ዓ.ም. በሐረርጌ ተወለዱ። በገጠር ደረሶችን ሰብስበው ከሃይማኖት ትምህርት ጋር ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ሒሳብ አስተማሩ።

ዳሩ ግን ችግር ነበር። ኦሮምኛ አምስት አናባቢ ድምፅ አለው፤ የዓረብኛ ጽሕፈት የሚለየው ሦስቱን ብቻ ነው። ስለዚህ በ1948 ዓ.ም. ገደማ በራሳቸው ጥረት ለኦሮምኛ የሚስማማ ፊደል ፈጠሩ። ፊደሉ በደረሶቻቸው እጅ ሲዛመት መንግሥት ሰጋ፤ በ1950ዎቹ ማብቂያ እዚሁ ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር አዋላቸው።

በኦጋዴን ጦርነት ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም.፣ በእርጅናቸው ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። በ1972 ዓ.ም. በስደተኞች ካምፕ አረፉ። ዛሬ ኦሮምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ቢሆንም ሕዝብ በቋንቋው ይማር ብለው የደከሙት ድካም ከንቱ አልቀረም።

እድር ያቋቋምነው ሰው ወገን እንዳጣ እንዳይቀበር ብለን አይደል? እኒህ መምህር ግን ከጎረቤት ርቀው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ባንቆም እንኳ ስማቸውን ለልጆቻችን እንንገር። አላህ ይዘንላቸው።