ምስክርና መዝገብ፤ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ስለ ተማሪ አቀባበል፥ ስለ ውጤትና ስለ እርማት

፩

የአንድ ተማሪ ውጤት ከተጻፈ በኋላ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ የሚያርመው ማን ነው? በምንስ ሥልጣን? ይህ ጥያቄ ሲሰሙት የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በከፍተኛ ትምህርት ቤቶቻችን መምህራንና የሬጅስትራር ሠራተኞች በየሴሚስተሩ መጨረሻ ፎርም ሲሞሉና ፊርማ ሲያሰባስቡ የሚደክሙበት ሥራ ስለ ሆነ፥ የታሪክ ወይም የባህል ተመራማሪ ዐይኑን የሚጥልበት ነገር አይመስልም። ነገር ግን ጉዳዩን ጠለቅ ብሎ ለሚመለከተው ሰው ጥያቄው ስለ ዕውቀት ምስክርነት ነው። ይኸውም አንድን ሰው ዐወቀ ለማለት የሚበቃው ማን ነው፥ ቃሉስ በምን ይጸናል፥ ቢሳሳት በምን ይታረማል የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የደብረ ታቦርና የአካባቢው ደጋ የተመቸ ነው። በአንድ በኩል በአገራችን ከታወቁት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማስመስከሪያዎች አንዳንዶቹ በዚሁ አገር ይገኛሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በ2000ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከነመዝገቡና ከነደንቡ እዚያው ቆሟል። ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ሰማይ ሥር ስላሉ፥ አንዱን ከሌላው ጋር ማነጻጸር በሩቅ ያለን ነገር ማነጻጸር አይደለም።

፪

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት፥ ከእርሳቸውም በኋላ የየጁ መሳፍንት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስም ተቀምጠውባታል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ጋፋት በአጠገቧ ነው። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከጉናም ማዶ የጋይንት አገር ይዘረጋል።

በዚህ ደጋ ትምህርቱ በየደብሩ ተከፋፍሎ ይኖራል። ድጓ በጋይንት ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ ይመሰከራል። በእስቴ በኩል ያለው ቆማ ደግሞ ከቤተልሔምና ከአጫብር ጋር ከሦስቱ የድጓ ዜማ ዐይነቶች አንዱ የተጠራበት ስፍራ ነው። ደብረ ታቦር ራሷ በአቋቋም የታወቀች ናት። በፎገራ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ያወጡት አዲስ የዝማሜ ሥርዓት በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ሳያገኝ ቢቀርም፥ ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር አስተማረው፤ ከዚያም በልጁ ስም የተክሌ አቋቋም ተብሎ በየአገሩ ተስፋፋ። ይህ ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ ዐቢይ ጉዳይ ያስረዳል። አዲሱን ሥርዓት ያጸናው የጉባኤ ውሳኔ ወይም የመንግሥት ትእዛዝ አልነበረም፤ ተምረው የወጡት ተማሪዎች በየደብሩ ቆመው ማሳየታቸው ነው።

፫

በቀድሞው ሥርዓት ተማሪ የሚመዘገብበት መዝገብ አልነበረም። ልጁ ከአገሩ ወጥቶ፥ ደበሎውን ለብሶና አኩፋዳውን አንግቦ ወደ የኔታ ይመጣል፤ ከየት እንደ መጣና ከማን ዘንድ ምን እንደ ተማረ ይጠየቃል፤ የተማረውንም በቃሉ ያሰማል። መምህሩ ከሰማው በኋላ ቦታውን ይወስንለታል። ሊቀጥል የሚችለውን ያስቀጥለዋል፤ ያልጸናበትን ግን ወደ ኋላ መልሶ ያስጀምረዋል። ተማሪውም ጎጆ ይቀልሳል ወይም ከቀደሙት ጋር ይደበላል፤ ምግቡን በየመንደሩ እየለመነ ትምህርቱን ይቀጥላል።

ከዚህ የምንረዳው ምዝገባ ማለት በመምህሩ ጆሮ ፊት መቆም መሆኑን ነው። ተማሪው ሌላ መምህር ቢመርጥ፥ ወይም ከዜማ ወደ ቅኔ ለመሻገር ቢፈልግ፥ የሚከለክለው ጊዜ ወይም የሚሞላው ቅጽ የለም። አኩፋዳውን አንሥቶ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በሄደበት ሁሉ ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ከማን ተማርህ? እስቲ አሰማ! ስለዚህ ነጻነቱ ሰፊ ቢሆንም ማምለጫ አልነበረውም።

፬

እርማትን በተመለከተ የድጓ ትምህርት ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ ምሳሌ ይሰጠናል። የዜማው ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ማለት ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደረሱ የሊቃውንቱ ትውፊት ያስረዳል። ድፋት፥ ሂደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቁርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክ፥ ደረት የተባሉት ስምንቱ፥ እንዲሁም ድርስና አንብር፥ ከቃሉ በላይ በቀጭን ብዕር ይጻፋሉ። ከእነዚህ አንዲቱ ብትሳሳት ዜማው ይለወጣል።

ተማሪው ድጓውን የሚማረው ራሱ እየጻፈ ስለ ሆነ፥ የጻፈውን ወደ መምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርምለታል። እዚህ ላይ የሚታረመው ምን እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል። የሚታረመው መጽሐፉና ድምፁ ነው። በመካከል ሆኖ ሁለቱን የሚወክል ቁጥር የለም። ተማሪው ተሳስቶ እንደ ሆነ እስኪቃና ድረስ ይመላለሳል እንጂ ስሕተቱ ተመዝኖ በነጥብ አይጻፍለትም። ስለዚህ ውጤትን መለወጥ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። ተማሪው ራሱ ካልተለወጠ በቀር የሚለወጥ ሌላ ነገር አልነበረምና።

የብራና ጸሓፊዎችም ልማድ ከዚህ ጋር ይስማማል። የተዘለለ ቃል ሲኖር በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ ላይ ይገባል፤ በስሕተት የተደገመ ቃልም ብዙ ጊዜ ከላይና ከታች በጭረት ይከበባል። ፍቆ ማጥፋትም ነበረ፤ ነገር ግን የተፋቀ ብራና ለዐዋቂ ዐይን አይሰወርም። የታረመ መጽሐፍ መታረሙን ይናገራል፤ ይህም ለመጽሐፉ ክብር እንጂ ነውር አልነበረም።

፭

ተማሪው ድጓን ከዘለቀ በኋላ ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ቤተልሔም በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኑም የታወቀ ስፍራ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቶማስ ፓክንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. በደረሰበት ጊዜ፥ በውጭ እንደ ሌሎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ክብ መስሎ ከሚታየው ጣሪያ ሥር በመካከለኛው ዘመን የተሠራውን ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ አይቶ በመጽሐፉ ገልጾታል።

የማስመስከሩ ሥርዓት ብልኀት ያስተማረና የሚመሰክር በመለያየታቸው ነው። በሩቅ አገር ዓመታት ሙሉ ያስተማረው መምህር ተማሪውን ሊወድደው ወይም ሊጠላው ይችላል፤ በቤተልሔም የሚቀመጠው መምህር ግን የሚያውቀው የሚሰማውን ብቻ ነው። የሚሰጠውም ምስክርነት ከስሙ ጋር ይሄዳል። ያስመሰከረው ሰው በአንድ ደብር ቆሞ ቢሳሳት፥ «ያስመሰከረው ከማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃልና፥ ኀፍረቱ ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለመስካሪውም ይሆናል። ምስክርነቱን የሚጠብቀው ዘብ ይኸው ኀፍረት ነው።

ይህን ሥርዓት ስናደንቅ ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። መምህሩ ያልተቀበለው ተማሪ ይግባኝ የሚልበት ሦስተኛ ሰው አልነበረውም። መንገዱ ሩቅ፥ ረኀቡና በሽታው ጽኑ ስለ ነበረ በመካከል የቀረው ብዙ ነው። ሴቶች ከጥቂቶች በቀር ከዚህ ጉባኤ ውጭ ነበሩ። መስካሪው ሲሞትም ምስክርነቱ በሰሚዎቹ መታሰቢያ ውስጥ ብቻ ይቀራል።

፮

በዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ሬጅስትራር የሚባለው ሹመት የመጣው ከውጭ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ተከፈተ። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ከአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎች የአገሪቱን ከፍተኛ ትምህርት አጥንተው ሐሳብ አቀረቡ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ሴሚስተሩና በሰዓት የሚቈጠረው ትምህርት፥ በፊደል የሚሰጠውም ውጤት ሥር ሰደደ። ከዚያ በኋላ የተተከሉት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ፥ የደብረ ታቦሩም ጭምር፥ ይህንኑ ወርሰዋል። ከፍተኛ ትምህርትን የሚመለከቱት አዋጆች፥ ማለት አዋጅ ቁጥር 351/1995፥ 650/2001 እና 1152/2011፥ የየተቋሙን የትምህርት ሥርዓት በሴኔቱ ደንብ እንዲመራ ትተውታል።

በልማድ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ተማሪ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ይመዘገባል፤ በተወሰኑ ቀኖች ውስጥ ትምህርት መጨመር ወይም መቀነስ ይችላል፤ ማቋረጥ ቢፈልግ ክሊራንስ ጨርሶ ይወጣል፤ ለመመለስም ያመለክታል። መምህሩ የሰጠው ውጤት በትምህርት ክፍሉ ታይቶ ወደ ሬጅስትራር ይተላለፋል። ከተላለፈ በኋላ መምህሩ ብቻውን ሊለውጠው አይችልም፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ፥ የትምህርት ክፍሉና የፋኩልቲው ኀላፊዎች ተስማምተውበት መጽደቅ አለበት። ተማሪም ቅር ቢለው በተወሰነ ጊዜ አቤት ብሎ ፈተናው በሌሎች መምህራን እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል።

ይህ የአቤቱታ መብት ታላቅ ነገር ነው፤ የቀድሞው ተማሪ አልነበረውምና። ነገር ግን መዝገቡ የራሱ ዕውርነት አለው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ውጭ አገር ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በአንድ ኮሌጅ ሲያስተምር በስማቸውም በአባታቸውም ስም አንድ የሆኑ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ክፍል ነበሩ። የአንደኛው ውጤት ለሌላው ተጻፈ። መምህሩ ስሕተቱን በነገሩት ቀን ወዲያው አመነ፤ የፈተናው ወረቀትም በእጁ ነበረ። ይሁን እንጂ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወር የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ተዘጋ፤ ተማሪውም ቀዳሚውን ትምህርት አላለፍህም ተብሎ አንድ ዓመት ተቀመጠ። በመጨረሻ በቅጹ ላይ ከተሰበሰቡት ፊርማዎች መካከል ወረቀቱን ከፍቶ ያየ ከመምህሩ በቀር አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ፈረመ እንጂ ማንም አልመሰከረም። በቤተልሔም እንዲህ ያለ ስሕተት ሊደርስ አይችልም ነበር፤ መምህሩ ተማሪውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በድምፁ ነውና።

፯

ሁለቱን ሥርዓቶች ስናነጻጽር ቋንቋችን ራሱ አንድ ነገር ያስተምረናል። ዛሬ ምረቃ የምንለው ቃል መረቀ፥ ማለት ባረከ፥ ከሚለው የወጣ ነው። ጥንት ተማሪን የሚመርቅ ያስተማረው አባት ነበረ፤ አሁን ተቋሙ ይመርቃል። የትምህርት ማስረጃውንም የምስክር ወረቀት እንለዋለን። ምስክርነቱ ከሰው ወደ ወረቀት መተላለፉን ስሙ ራሱ ይናገራል።

ያስተማረና የሚመሰክር ይለያዩ የሚለው የቤተልሔም ሐሳብም በአዲስ መልክ ተመልሷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር ደረጃ የተሰጠው የመውጫ ፈተና፥ ተመራቂው ካስተማሩት መምህራን ውጭ እንዲመዘን የሚያደርግ ነው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ በቤተልሔም ውድቀት ማለት ተመለስና አጽና ማለት ነበረ፥ የሚያጸናውም እዚያው ነበረ። በመውጫው ፈተና የወደቀው ተማሪ ደግሞ መፈተን ይችላል፤ ነገር ግን ስሕተቱን አንድ በአንድ የሚያሳየው መስካሪ በፊቱ የለም።

መዝገብ ከሰው ይልቅ ይጸናል የሚለውም አሳብ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በ1860 ዓ.ም. 350 ያህሉ በእንግሊዞች እጅ ለንደን ገቡ። ራሷ ደብረ ታቦርም በዚያው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ሲነሡ ተቃጥላለች። በእኛ ዘመን ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ጋይንት ገብቶ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመታች፤ በምሥራቅ ያለው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፎ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። እንዲህ ባለ ጊዜ ወረቀቱ የጠፋበት ተማሪ የሚድነው የሚያውቀው መምህር ካለው ብቻ ነው። መምህሩ የሞተበት ደግሞ የሚድነው በወረቀቱ ነው። ስለዚህ አንዱ ለሌላው ዋስ እንጂ ምትክ አይደለም።

፰

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ወደ ጥንቱ እንመለስ የሚል አይደለም፤ መመለስም አይቻልም። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ የሚያስተምር ሰው እያንዳንዱን በድምፁ ሊያውቅ አይችልም። ነገር ግን ከደብረ ታቦር ደጋ ሦስት ነገር መውሰድ ይቻላል። የመጀመሪያው፥ በውጤት ለውጥ ላይ የሚፈርም ሁሉ ወረቀቱን አይቶ ይፈርም፤ ያላየ አይፈርም። ሁለተኛው፥ የታረመ ውጤት እንደ ታረመ ብራና ይሁን፤ የቀድሞው ከምክንያቱና ካረመው ሰው ስም ጋር ይታይ እንጂ አይሰወር። ሦስተኛው፥ በተማሪው ጥፋት ያልመጣ ስሕተት የተማሪውን ዘመን አይብላ፤ እርማቱ እስኪያልቅ ምዝገባው ይጠብቀው።

የቀድሞው መምህር ተማሪውን ሲመልሰው አብሮት ተቀምጦ ያቃናው ነበር። የዛሬው መዝገብ ቢያንስ፥ ራሱ በተሳሳተ ጊዜ፥ ይህንኑ ያህል ዕዳ እንዳለበት ሊያስብ ይገባዋል።