በጂኦሜምብሬን የሚለበጥ የዓሣና የአትክልት ማምረቻ ገንዳ አሠራር
ዓሣንና አትክልትን በአንድ ውሃ አቀናጅቶ ለማምረት የሚያገለግል ገንዳ ያለ ሲሚንቶ በአነስተኛ ወጪ መሥራት ይቻላል። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ በባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ናይትሬት ተለውጦ ለአትክልቱ ማዳበሪያ ይሆናል።

4 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 8 ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል። 8 ቶን የሚመዝነው ይህ ውሃ የእንጨት ግድግዳን ስለሚገፋ ገንዳውን መሬት ውስጥ መቆፈር ይመረጣል። ጂኦሜምብሬኑ በየጠርዙ ግማሽ ሜትር ትርፍ እንዲኖረው 7 በ5 ሜትር ሊሆን ይገባል።

በ1995 ዓ.ም. ገደማ በዘመቻ ከተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች በርካታዎቹ ሽፋናቸው ተቀዶ ውሃው በመስረጉ ከአገልግሎት ውጪ ሆነዋል። መከላከያው ግን ውድ አይደለም። ድንጋይና ሥር ተለቅሞ አሸዋ ይነጠፋል፤ የፕላስቲኩ ጠርዝም በአፈር ይቀበራል። አጥርም ሊዘነጋ አይገባም፤ እርጥብ ፕላስቲክ ስለሚያዳልጥ ገንዳው ውስጥ የወደቀ ሕፃን በራሱ መውጣት አይችልም።