ያረጀ ሸንጎ ይነቀል ወይስ ይጎንደል?

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ በተዘረጋው የቡና አገር የሚኖር ገበሬ ያረጀ ቡና ሲገጥመው ሁለት መንገድ አለው። አንድም ከሥሩ ነቅሎ አዲስ ችግኝ ይተክላል፤ አንድም ግንዱን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ይጎነድልና ከአሮጌው ሥር የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ቀንበጥ ያሳድጋል። ምርጫውን የሚወስነው የዛፉ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የሥሩ ጤንነት ጭምር ነው። ጊዜ ያለፈበት የምክር ሸንጎ ይፍረስ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር ሲነሣም ጥያቄው ከዚህ አይርቅም። የከፋ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

የከፋ ንጉሥ፣ ማለትም ታቶው፣ ብቻውን አልገዛም። ሰባት የሚሆኑ አማካሪዎች የተቀመጡበት ሚክረቾ የተባለ ሸንጎ ከጎኑ ነበር። በታላላቅ የመንግሥት ጉዳዮች ይመክራል፤ ዙፋኑ ባዶ ሲሆንም ከሚንጆ ነገሥታት ዘር ተተኪውን ይመርጣል። በዚህም ሚክረቾ ለታቶው ሥልጣን ልጓም ነበር።

ይሁን እንጂ ይህን ሸንጎ የሰፊው ሕዝብ ሸንጎ ብሎ ማወደስ ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ወንበሩ የታላላቅ ጎሳዎች ነበር። በአደን የሚኖረውና ከኅብረተሰቡ የተገለለው ማንጆ፣ በባርነት ቀንበር ሥር የወደቀውም ሰው በዚያ ስፍራ አልነበራቸውም። ንጉሡን የገራው ልጓም የባላባቱን እጅ አልያዘም።

በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋን ወረረ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ከወራት ውጊያ በኋላ ተማርኮ ከአገሩ ርቆ በግዞት ሞተ። ዙፋኑና ሸንጎው አብረው ወደቁ። ሚክረቾን ያፈረሰው ግን የተገለሉት ሰዎች ፍርድ አልነበረም፤ ነፍጥ ነበር። በቦታውም ሌላ ሸንጎ አልቆመም። ገበሬው ለወታደሩ ገባር ሆኖ ተደለደለ። በከፋ፣ ዛሬ ቤንች በሚባለው በጊሚራና በማጂ የባሪያ ፍንገላ መንደሮችን ባዶ አደረገ። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል በሆነችበትና የባርነት ድንጋጌ በወጣበት በ1916 ዓ.ም. እንኳ ግፉ አላበቃም። አሮጌው «አይሆንም» ባይ ሄዷል፤ አዲስ «አይሆንም» ባይ ግን አልተተካም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገባሩን ከባለመሬት ቀንበር አላቀቀ። በየቀበሌው የገበሬ ማኅበር ቆመ። ትናንት ደጅ ይጠና የነበረው ሰው ወንበር አገኘ። ግን ትእዛዝ ከላይ ብቻ መውረድ ሲጀምር፣ የቡናውም ዋጋ ያለ እርሱ ሲቆረጥ፣ አዲሱ ሸንጎ ጆሮ እንጂ አፍ የሌለው ሆነ። አዲስነት ብቻውን ዋስትና አይደለም ማለት ነው።

የቅርብ ጊዜ ምሳሌም አለ፤ ምንም እንኳ የምክር ሸንጎ ሳይሆን የአስተዳደር መሥሪያ ቤት ቢሆን። የቡናና ሻይ ባለሥልጣን በ1996 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተጠቃለለ። በ2008 ዓ.ም. ግን ለቡናና ሻይ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን እንደገና ተቋቋመ። የነቀሉትን መልሶ ለመትከል 12 ዓመት ወሰደ።

በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቷል። በቦንጋም ሆነ በሚዛን አማን ወይም በቴፒ ከቀድሞ የተረከበውን የምክር ኮሚሽን የሚመዝን አስተዳዳሪ ዕድሜውን ከመቁጠር በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይህ አካል ለሹሙ «አይሆንም» ማለት ይችላልን? ከደጅ የቆመውስ ሰው ሊገባበት ይችላልን? ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ይጎንደል፤ ወንበሩ ለተገለለው ይከፈት። ሥሩ ከበሰበሰ ያለ ርኅራኄ ይነቀል። ብቻ የሚፈርስበትና ምትኩ የሚቀመጥበት ቀን አንድ ይሁን።

ችግኝ ሳያዘጋጅ ዛፉን የነቀለ ገበሬ መከር ሲደርስ ባዶ ቅርጫት ታቅፎ ይቆማል።