በ45 ደቂቃ 460 ሚሊዮን ዶላር፦ ያልተጻፈ አሠራር ታሪክ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ጠዋት የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ እንደተከፈተ፣ ናይት ካፒታል የተባለው አገበያይ ኩባንያ ኮምፒውተሮች ማንም ያላዘዘውን ግብይት ማካሄድ ጀመሩ። 212 አነስተኛ የደንበኛ ትእዛዞችን እንዲያስፈጽም የተቀመጠው ሥርዓት በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ። ኩባንያው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ፤ በቀጣዩ ዓመት ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ራሱን ችሎ መቆሙ አበቃ።

ምክንያቱ ሲጣራ የተገኘው ነገር ቀላል ነበር። አዲሱ ሶፍትዌር በ8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። በ7ቱ ተጫነ፣ አንዱ ተረሳ። በተረሳው ሰርቨር ውስጥ ለዓመታት አገልግሎት ላይ ያልዋለ አሮጌ ኮድ ተኝቶ ነበርና አዲሱ ትእዛዝ ቀሰቀሰው። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 ባወጣው ውሳኔ ላይ የሰፈረው ነጥብ ግን ከኮዱ ይልቅ ወረቀቱን ይመለከታል፦ የመጀመሪያውን ባለሙያ ሥራ ሁለተኛ ሰው እንዲያይ የሚያስገድድ የተጻፈ አሠራር አልነበረም። ገበያው ሳይከፈት ሥርዓቱ ራሱ ችግር እንዳለ የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎችን ለሠራተኞች ልኮ ነበር። ኢሜይሎቹን አይቶ እርምጃ የወሰደ ሰው ግን አልነበረም።

ይህ ታሪክ ዛሬ እንደገና መነሣት ያለበት፣ ሰርቨር የመትከሉና ሶፍትዌር የመጫኑ ሥራ ከሰው እጅ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንቶች እየተሸጋገረ ስለሆነ ነው።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ እንዲህ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በማሳቹሴትስ ኬምብሪጅ የነበሩ የአይቢኤም ተመራማሪዎች አንዱን ውድ ኮምፒውተር ለብዙ ተጠቃሚ የሚከፋፍሉበት መላ ዘየዱ፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ሙሉ ማሽን ያለው ይመስለዋል። ቨርቹዋል ማሽን የምንለው ይህ ነው። በ1972 ለገበያ ቀረበ።

በዚያው ዘመን፣ በኖቬምበር 1971፣ የቤል ላብስ መሐንዲሶች የዩኒክስን የመጀመሪያ መመሪያ አወጡ። የመመሪያው አሠራር ግልጽ ነበር። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ ይጽፋል፣ ከሥሩም ስለሚታወቁ ጉድለቶቹና ስለ ባለቤቱ ይናገራል። አንባቢው ትእዛዙ የት እንደሚያነክስና ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

በ1993 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ማርክ በርጀስ ሲኤፍኤንጂን የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ከዚያ በኋላ ሰነዱና ትእዛዙ አንድ እየሆኑ መጡ። «ሰርቨሩ እንዲህ ይሁን» ተብሎ የሚጻፈውን ፋይል ማሽኑ ራሱ አንብቦ ይፈጽመዋል። በ2013 ዶከር፣ በ2014 ደግሞ ኩበርኔቲስ ሲመጡ ሶፍትዌርን ከነሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ኮንቴይነር ውስጥ አሽጎ በሺዎች ማሰማራት የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ።

ትርፉ ትልቅ ነበር፤ የቀረ ነገርም ነበር። እነዚህ ፋይሎች «ምን ይደረግ» የሚለውን ይናገራሉ። «ለምን» የሚለውንና «ይህን ብትነካ ምን ይፈርሳል» የሚለውን ግን አይናገሩም። ያ እውቀት በባለሙያው ጭንቅላት ውስጥ ቀረ። አዲስ የገባው ሠራተኛ ግራ ሲገባው ወደ ቀደምት ባልደረባው ዞር ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ኤጀንት ዞር ብሎ የሚጠይቀው ባልደረባ የለውም። ያነበበውን ይፈጽማል፤ ያልተጻፈውን ደግሞ በግምት ይሞላል። ስለዚህ ኩባንያዎች መጀመሪያ የተጨነቁት ስለ አጥሩ ነው። ኮንቴይነሮች በአንድ ግቢ ግድግዳ ተጋርተው እንደሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ከርነል ላይ ይሠራሉ፣ ግድግዳው ከተሸነቆረ ጉዳቱ ለጎረቤት ይተርፋል። ቨርቹዋል ማሽን ግን የራሱ አጥርና በር ያለው ቤት ነው። አማዞን በ2018 ይፋ ያደረገው ፋየርክራከር እንዲህ ያለውን ቤት በ125 ሚሊሰከንድ ያህል ያቆማል፤ ኤጀንቱ ሥራውን ሲጨርስ ቤቱ ይፈርሳል።

አጥር ጥሩ ነው። ነገር ግን ኤጀንቱ የዋናውን ዳታቤዝ ቁልፍ ይዞ ከገባ አጥሩ ምን ይጠቅማል? የናይት ካፒታል ሰርቨሮች ሰብሮ የገባባቸው አልነበረም። የተፈቀደላቸውን ሥራ ነው የሠሩት።

«ኤጀንቱ ራሱ ሰነዱን ይጻፈው» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ኮዱን አንብቦ ምን እንደሚሠራ መግለጽ ይችላል። ነገር ግን የትኛው አሮጌ ኮድ መቀስቀስ እንደሌለበት፣ የትኛው ትእዛዝ ከተፈጸመ በኋላ እንደማይመለስ፣ ከመፈጸሙ በፊትስ የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ብዙ ጊዜ ኮዱ ላይ አይገኝም። ያን መጻፍ ያለበት የሚያውቀው ሰው ነው። የ1971ዱ መመሪያ ጉድለቱንና ባለቤቱን ሲመዘግብ ያደረገውም ይህንኑ ነበር።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አበው። በናይት ካፒታል የተረሳው አንድ ሰርቨር ነበር፤ ሁለተኛ ሰው ይየው የሚል አንድ መስመር ግን ቀድሞም አልተጻፈም። ዛሬ በሰከንድ ውስጥ መቶ ማሽን የሚተክል ኤጀንት ሥራ ላይ ከመሰማራቱ በፊት ያ መስመር መጻፍ አለበት።